የሰው ኪስ

ልብስ ስትቀበል ኪሱን የምትፈትሸው ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ነው። መጀመሪያ ልብ ያልኩት ይህንን ነበር። እጇ ኪሱ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ፣ ሳንቲምም ይሁን የተጣጠፈ ወረቀት፣ ባለቤቱ ፊት ትንሽ ላስቲክ ውስጥ ይከታል፤ ዓይኗ ግን አንድም ጊዜ ወደ ታች አይወርድም። ላስቲኩን ቋጥራ ከልብሱ ጋር በመርፌ ቁልፍ ታያይዘዋለች። ለምን እንደማታይ ስጠይቃት፣ «የሰው ኪስ ጓዳው ነው። ጓዳ ደግሞ ሳይጠሩህ አይገባም» አለችኝ።

ሰፈሩ «እትዬ ዋስ» ይላታል። ላውንደሪ ቤቷ ከምከራየው ክፍል ሥር ነው። ሥራ ፍለጋ ስዞር ውዬ ስመለስ የካውያዋ እንፋሎት ደረጃው ላይ ይቀበለኛል፤ እኔም ክፍሌ ሳልገባ እዚያው ቁጭ እላለሁ። በእንፋሎቱ ውስጥ የተሰቀሉት ሸሚዞች ሰው ጥሏቸው የሄደ ትከሻዎች ይመስሉኛል። ይህን ስነግራት፣ «አንተ ልጅ፣ ሸሚዝ ነው ባክህ» ብላ ትስቃለች።

ቅጽል ስሟ የመጣው በወንድሟ ነው። ታናሽ ወንድሟ በባንክ ብድር የጭነት መኪና ሲገዛ ዋስ ሆና ፈረመችለት። መኪናው ተገለበጠ። ወንድሟ ከሆስፒታል በወጣ ማግስት የት እንደገባ ጠፋ፤ ዕዳ ከሜዳ እሷ ላይ ወደቀ። ያኔ የአንድ ትልቅ መደብር ገንዘብ ያዥ ነበረች። መደብሩ ከስሮ እስኪዘጋ ድረስ ካዝናዋ ጎደለ ተብሎ አያውቅም። ከዚያ ሌላ ድርጅት ገንዘብ ያዥ ሲፈልግ ተወዳደረች፤ በፈተናው አንደኛ ወጣች። ለመፈረም ስትሄድ ግን የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እሷ አዞረው። ስሟ ብድር ካልመለሱ ሰዎች መካከል ነበር።

«የራሷን ያልጠበቀች የሰው እንዴት ትጠብቃለች?» አለ፤ ለእሷ ሳይሆን አጠገቡ ለተቀመጡት። የዋስትናውን ነገር ማስረዳት ስትጀምር፣ «እኔ አይደለሁም እህቴ፣ አሠራሩ ነው» ብሎ በሩን አሳያት።

በየሰው ቤት ልብስ እያጠበች የወንድሟን ዕዳ ከፍላ ጨረሰች። ይህን ስትነግረኝ ካውያዋ አንድ አንገትጌ ላይ ከሚገባው በላይ ቆየ።

«ዕዳው አለቀ» አለች። «ያ ሰውዬ ግን አላለቀልኝም።»

እዚህ ቤት ዱቤ አይጻፍም። ያለው ይከፍላል፤ የሌለው «ሲመቸኝ» ብሎ ልብሱን ይዞ ይሄዳል። ይህ ራሱ ለእኔ ተአምር ነበር።

ባለፈው ሰሞን፣ አንድ ጠዋት፣ ራሰ በራ ሰውዬ ገብቶ ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ባንኮኒው ላይ ዘረጋ። በማግስቱ ጠዋት በሚሠራበት ድርጅት ለዋና ሥራ አስኪያጅነት ቃለ መጠይቅ እንዳለበት ነገረንና፣ «ማታ ይደርስልኛል እህቴ?» አለ።

እትዬ ዋስ ፊቱን አየችው፣ አየችው። እሱ ሰዓቱን ያያል። ከዚያ ጣሪያውን ትታ ዓይኗን ኪሱ ውስጥ አስገባች።

«ማበጠሪያ» አለች ጮክ ብላ፤ ወደ ራሰ በራው ቀና ብላ ትንሽ ቆየችና ቀጠለች። «የጥርስ እንጨት፣ ያገለገለ። የከረሜላ ልጣጭ።»

ተራውን የሚጠብቅ አንድ ታክሲ ነጂ ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። የሰውዬው ጆሮ ቀላ፤ ነገሩ ግን አልገባውም፤ ደረሰኙን ተቀብሎ ወጣ።

«ማን ነው?» አልኳት።

«አሠራሩ ነው» አለችኝ።

ገባኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። ያንን ልብስ እንደተኮሰችው አሳምራ ስትተኩስ ግን አይቼ አላውቅም፤ የሱሪው የተኩስ መስመር ወረቀት የሚቆርጥ ይመስል ነበር።

አመሻሽ ላይ ተመለሰ። በስልኩ ሊከፍል ሞከረ፤ እምቢ አለው። በሩ ላይ ወጥቶ ስልኩን ወደ ሰማይ አነሳ፤ እንደገና እምቢ። ኪሱን ዳበሰ፤ ባዶ ነው።

«ኔትወርክ የለም። ገንዘቡ አካውንቴ ላይ አለ፤ ነገ ከቃለ መጠይቁ ስመለስ እከፍልሻለሁ።»

«ዋስ አለዎት?»

«ለአንድ ሙሉ ልብስ?» ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«የራሱን ያልጠበቀ የሰው እንዴት ይጠብቃል? ነገ ድርጅት ሙሉ ሊረከቡ አይደለም እንዴ?»

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀስ በቀስ ደረቀ። አወቃት።

«አንቺ ነሽ» አለ። «ከአንቺ በፊት ባለዕዳ ቀጥረን ካዝናችን ተራቁቶ ነበር። ምን ላድርግ ነበር?»

«መጠየቅ። ዕዳው የማን ነው፣ እንዴት መጣብሽ ብሎ መጠየቅ። አፌን እንኳ ሳልዘጋ በሩን አሳዩኝ።» ልብሱን መልሳ መስቀያው ላይ ሰቀለችው። «እኔ አይደለሁም ጌታዬ፣ አሠራሩ ነው።»

ሸሚዞቹን ሊወስድ የመጣው ታክሲ ነጂ ቅር አለው። «እትዬ፣ እኔ ልክፈልለት?»

«አንተ ዝም በል። የራስህንስ መች ከፈልክ?»

ሰውዬው ባዶ እጁን ወጣ። ታክሲ ነጂው ሸሚዞቹን ብብቱ ውስጥ እያስገባ፣ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ሲል አጉተመተመ።

«እኔ አልጸለይኩም» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ስወርድ ቤቱን ቆልፋ፣ ደህና ቀሚሷን ለብሳ አገኘኋት። ሙሉ ልብሱ በላስቲክ ተሸፍኖ ክንዷ ላይ ነው። ደስ አለኝ።

«ልትሰጪው ነው አይደል? ራራሽለት።»

«እሰጠዋለሁ። ቃለ መጠይቁ ክፍል ድረስ ገብቼ፣ ጠያቂዎቹ ፊት።»

«ምን ብለሽ?»

«‹እኚህ ሰውዬ የልብስ ማጠቢያ መክፈል አቅቷቸው ልብሳቸው ተይዞ ነበር፤ ዋስ ሆኜ ያስለቀቅኩላቸው እኔ ነኝ› ብዬ።»

«ውሸት እኮ አይደለም» አልኩ፤ ለራሴ ነበር መሰለኝ።

«እኔስ ስም ዝርዝሩ ላይ መኖሬ ውሸት ነበር?»

«ሥራውን ቢያጣስ?»

«ጠያቂዎቹ ‹እንዴት ሆኖ ነው?› ካሉት፣ ኔትወርክ ነው ብሎ ያስረዳቸዋል፤ ሥራውንም ያገኛል። እሱ ግን እንደዚያ የሚጠይቅ ሰው አጠገቡ አያስቀምጥም።»

በላስቲኩ ውስጥ፣ ደረት ኪሱ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘችው ትንሿ ቋጠሮ ትታያለች፤ ማበጠሪያው፣ የጥርስ እንጨቱ፣ የከረሜላው ልጣጭ። «ይህችንስ አታወልቂያትም?» ልላት አፌን ከፈትኩ።

«ደንበኛ ከመጣ አትመልሰው፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ» አለችና ቁልፉን እጄ ላይ ጣለችው። ከዚያ የልብሱ ጫፍ መሬት እንዳይነካ ክንዷን ከፍ አድርጋ፣ ወደ ጎን ሳታይ፣ መንገዱን ተሻግራ ሄደች።