ለአንድ ቤት አንድ እጅ

ውሃ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ ሲመላለስ፣ የልጅነቴ አዳማ ከነአቧራዋ ትመጣብኛለች። ትምህርት ቤት ሳልገባ ፊደልን ከሱቅ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ለቅሜ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ የሰፈራችንን ነገር እንደኔ አድርጎ የሚያስታውስ ስለሌለም እኔው ልጻፈው።

በበጋ፣ ንፋሱ አቧራውን እያንከባለለ በሚመጣበት ወቅት፣ እህቴ አስካለ ከሩቁ ቦኖ ውሃ ልትቀዳ እየሄደች፣ ወረፋው እያስረፈዳት ከትምህርት ትቀር ነበር። አዲስ ቦኖ ሊተከልልን ነው ሲባል ጋሪ ነጂው አባቴ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ፣ ፈረሶቹ እንዲጠጡ ጋሪ ማቆሚያው አጠገብ ይሁን ይል ነበር። እናቴ ግን ታችኛው ሰፈር፣ ከደጃችን እንዲሆን ትፈልግ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ቀበሌው ነዋሪውን ሰበሰበ። በሰፈራችን ልማድ ለአንድ ቤት አንድ እጅ ይቆጠር ነበር፣ እጁም የባል ነበር፤ ሴቶቹ ከኋላ ቆመው ያዳምጡ ነበር። ለጋሪ ማቆሚያው ሲቆጠር አባቴ እጁን አነሳ። ለታችኛው ሰፈር ሲባል ደግሞ እናቴ ከኋላ አነሳች።

«አዴ ዘነቡ፣ ባለቤትዎ አንስተዋል እኮ» አሉ ሰብሳቢው።

«እሱ ለፈረሱ አነሳ፤ እኔ ለልጄ።»

ጋሪ ነጂዎቹ በሳቅ ፈነዱ። «ገመዳ፣ እናንተ ቤት ልጓሙን የያዘው ማነው?» አለ አንዱ።

አባቴ ተነሳና፣ «ከቤቴ የሚቆጠረው አንድ እጅ ከሆነ የሷ ይቆጠር» አለ። ይህን ጊዜ የጎረቤት ሴቶችም ባሎቻቸውን ይጎሽሙ ጀመር፤ አንዳንዱ እየሳቀ፣ አንዳንዱ እያጉረመረመ እጁን ለሚስቱ ተወላትና ቦኖው ታችኛው ሰፈር ተተከለ።

መስከረም ሲጠባ አስካለ ማለዳ ውሃዋን ቀድታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ከደወል በፊት ትደርስ ነበር። አባቴን ግን ጓደኞቹ እስከ ጥምቀት «የዘነቡ ሚስት» እያሉ ይጠሩት ነበር፤ እሱም ፈረሱን እየሳበ ወርዶ ከዚያው ቦኖ ያጠጣ ነበር።

ዛሬ ልጄ የቀበሌው ምክር ቤት አባል ናት። በቅርቡ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ሐሳብ ስታቀርብ ባሏ ተቃውሞ እጁን አነሳ፣ እሷም የራሷን አነሳች፤ ሁለቱም ተቆጠሩ፣ ማንም አልሳቀም። እንዲህ ያለች ልጅ ያሳደግሁ እኔ ነኝ እያልኩ ለጎረቤት ሁሉ አወራለሁ፣ ይገባኛልም። ብቻዬን ስሆን ግን ስለ እናቴ አስባለሁ። እሷ ትክክል የነበረችው አባቴ እጁን ሳይተውላትም በፊት ነበር፤ ለመቆጠር ግን የእሱ ፈቃድ አስፈለጋት። ልጄ ማንንም አልጠየቀችም።