የሌለ ምድጃ ጭስ

የመሥሪያ ቤቱ ሰው «ወይዘሮ ጭስ» ይላታል። ፊት ለፊት የሚላት የለም፤ እሷ ግን ታውቃለች። እንግዳ መጥቶ ክፍሏን ሲጠይቅ የበሩ ጥበቃ «ወይዘሮ ጭስን ነው?» ሲል ስንት ጊዜ በጆሮዋ ሰምታለች። ቅር ብሏትም አያውቅም። ምን ይበሏት? ከጎኗ ያለው ክፍል የገበያ ዋጋ ይሰበስባል፣ ከላይ ያለው ፎቅ ሕዝብ ይቆጥራል፤ እሷ ደግሞ የአገሩን ጭስ ትቆጥራለች።

ትቆጥራለች ሲባል መሰላል ይዛ ጭስ ማውጫ ላይ የምትንጠላጠል እንዳይመስላችሁ። የጭስ ሒሳብ ጭስ ሳይታይ ነው የሚሠራው። ማን ምን ያህል ነዳጅ አቃጠለ፣ ማን ምን ያህል ድንጋይ አቀለጠ፣ ስንት ከብት አመነዠከ፣ ስንት ቆሻሻ ተጣለ እየተባለ በመጠይቅ ይሰበሰባል፤ መልሱ መመሪያው ባወጣለት ቁጥር ይባዛል፤ ከዚያ በየምድቡ ይደለደላል። ማባዛቱን ማንም ያባዛዋል። ጣጣው ድልደላው ነው። ወደ ውጭ አገር የሚበር አውሮፕላን የሚያቃጥለው ነዳጅ ይጻፋል እንጂ ከድምሩ አይገባም። የማገዶ ጭስ ከኃይል ድምር ወጥቶ ለብቻው ከመስመር በታች ይቀመጣል፤ የዛፉን ነገር የደን ምድብ ያስብበት ተብሎ። ሲሚንቶው ከውጭ ተገዝቶ ከመጣ ደግሞ ጭሱ የሚጻፈው በጋገረው አገር ላይ ነው፤ ቤት የሠራበት ሰው እጁን ታጥቦ ይቀመጣል። በዚህ ሕግ ንጹሕ መባል የፈለገ አገር የሚያጨሰውን ሥራ ሁሉ ለጎረቤት ሰጥቶ ዕቃውን መግዛት ይበቃዋል። ይህን የምለው እኔ ነኝ፤ እሷ በሥራዋ ላይ እንዲህ ያለ ቀልድ አትቀልድም ነበር።

ባሏን ያገኘችውም በዚሁ ድልደላ ምክንያት ነው። ገና አዲስ ተቀጣሪ ሳለች መጠይቅ ይዛ ወደ ሲሚንቶ ፋብሪካ ተላከች። የምድጃው ኃላፊ ፊቱ በወላፈን የጠየመ፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ነበር። ቀንም ሌሊትም የሚሽከረከረውን ያን ረጅም ምድጃ ዙሪያውን እየወሰደ አሳያት። እሷም በተራዋ አስረዳችው፤ ከከሰሉ የሚወጣው ጭስ ኃይል የሚባለው ምድብ ውስጥ ይገባል፣ ከኖራ ድንጋዩ ከራሱ የሚወጣው ደግሞ የኢንዱስትሪ ሂደት በሚባለው።

ሰውየው ወደ ላይ አንጋጦ ጭስ ማውጫውን አየ።

«አንቺ ልጅ፣ ምድጃው አንድ፣ ጭስ ማውጫው አንድ፤ እዚያ ጫፍ ላይ ቆሜ ‹አንተ በዚህ ሂድ፣ አንተ በዚያ ሂድ› እያልኩ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ላስተናግደው?»

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። መጠይቁን ለመጨረስ ሌላ ቀን መመለስ ነበረባት፤ ከዚያም መጠይቅ ሳትይዝ ተመለሰች። የተጋቡት በዓመቱ ነው።

እንግዲህ ስንት ዓመት በሰላም ከኖሩ በኋላ ፋብሪካው ቆመ። ተዘጋ አልተባለም፤ «ለጥገና ለጊዜው ቆሟል፣ ስንጠራችሁ ትመጣላችሁ» ነው የተባሉት። ሌላው ሠራተኛ አንድ ሰሞን ጠብቆ ወደየእንጀራው ተበተነ። እሱ ግን ጠበቀ። ምድጃ እንደ ሌላ ማሽን አይደለም ይላል፤ አንዴ ከቀዘቀዘ በኋላ መልሶ የሚያሞቀው ሰው ጠባዩን ማወቅ አለበት፣ ከቸኮሉበት ውስጡ ያለው ጡብ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። «ያለ እኔ ማን ያሞቀዋል? ነገ ዛሬ ይደውላሉ» ይላል። ጠዋት ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ ሶፋው ላይ ይቀመጣል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው፤ ግን ማን ደፍሮ ይንገረው።

በመሥሪያ ቤቷ ደግሞ የፋብሪካው መጠይቅ ሳይመለስ ቀረ። መመሪያው ለዚህ መልስ አለው፤ መልስ ያልሰጠ ፋብሪካ መዘጋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንዳለ ይቆጠራል፣ ቁጥሩም ካለፈው ዓመት ተነስቶ ይገመታል። በየዓመቱ ተገመተ። ሰው «እሳት በሌለበት ጭስ አይታይም» ይላል፤ የእሷን ቢሮ ስላላየ ነው። ቤት ውስጥ የምድጃው ሰው እጁን አጣምሮ ተቀምጧል፤ ቢሮ ውስጥ ምድጃው ይጨሳል።

ስልክ አንስታ ብትጠይቅ ያበቃ ነበር። አላነሳችም። «በሚቀጥለው ሳምንት» ትላለች፣ ሳምንቱ ዓመት ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ፈርታ ነው። እዚያ ረድፍ ላይ ቁጥር እስካለ ድረስ ፋብሪካው የሞተ አይመስላትም ነበር፤ ግምቱን በሞላች ቁጥር ለባሏ አንድ ዓመት የጨመረችለት ይመስላት ነበር። ሌላ ሰው ተስፋውን በጸሎት ይጠብቃል፤ እሷ በግምት ጠበቀች።

በኋላ አዲስ ዳይሬክተር መጣ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ሁሉንም «እርስዎ» ይላል፤ ግን ዓይኑ ነገር አያልፍም። አንድ ቀን ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሞ፣

«ይህ ፋብሪካ እንዴት ነው በየዓመቱ አንድ ዓይነት የሚያጨሰው? የመብራት ፍጆታው እኮ የለም ማለት ይቻላል። እባክዎ ሄደው ያረጋግጡልኝ» አላት።

ሄደች። በሩ ላይ ያገኘችው የጥንቱ ዘበኛ ነው፤ የማን ሚስት እንደሆነች ያውቃል። ወደ ፋብሪካው ቢሮ ሊያስገባት አልፈለገም፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ በጓሮ በኩል ወሰዳት። ምድጃው የለም። ያንን ሁሉ ርዝመት ተሸክመው የነበሩት የኮንክሪት እግሮች ብቻ ተደርድረው ቆመዋል፤ በመካከላቸው ሣር በቅሏል።

«ቆራርጠው በከባድ መኪና ጫኑት» አለ ዘበኛው። «ከድንበር ማዶ ተተክሎ እየሠራ ነው አሉ። ሲሚንቶውም ከዚያው ነው የሚመጣልን።»

«ለሠራተኛው ለምን አልተነገረም?»

«ሠራተኛው ይረብሻል ብለው ነዋ፣ እህቴ። እኔም አፍህን ዝጋ ተብያለሁ። እንጀራዬ ነው፤ ምን ላድርግ?»

ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሆና ማታ እንዴት እንደምትነግረው ቃላት ስታወጣ ስታወርድ ደረሰች። መጀመሪያ ግን ቢሮ ገብታ ለዳይሬክተሩ ነገረችው። ይህ ነው የሚያናድደኝ፤ መጀመሪያ ለዳይሬክተሩ።

ሰውየው ፊቱ በራ። «እንግዲህ ከቆመበት ዓመት ጀምረን ሁሉንም እንደገና እናሰላለን ማለት ነው። ድምሩ ምን ያህል ይወርዳል?»

ነገረችው። ከወንበሩ ተነሣ።

«እስኪታተም ድረስ ለማንም እንዳይናገሩ። የአንድ ድርጅት መረጃ ምስጢር ነው፣ ሲቀጠሩ ፈርመዋል።»

«ባለቤቴ የዚያ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው።»

«እንደሱ ከሆነማ በተለይ ለባለቤትዎ» አላት፤ በትሕትና።

እሷ ሕግ የምታከብር ሴት ናት። በዚህም ትኮራ ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ከእሷ አፍ በሥራ ዘመኗ ሁሉ አንድ ነገር አምልጦ አያውቅም። ያን ምሽት ቤት ገብታ ራሴን አሞኛል ብላ ተኛች። በማግሥቱም አልነገረችውም። ሪፖርቱ ቶሎ ይታተማል ተብሎ ነበርና ጥቂት ልታገሥ አለች፤ ሪፖርቱ ግን ከፈራሚ ወደ ፈራሚ ሲዞር ከረመ።

በዚያ መካከል ነው ዳቦ ጋጋሪው ቤታቸው የመጣው። የሰፈሩ ዳቦ ቤት ባለቤት ነው፤ ትልቅ ምድጃ አስመጥቶ የሚይዝለት ሰው አጥቷል።

«ጋሼ፣ እሳት የሚያውቅ ሰው ነው የቸገረኝ» አለ ቁጭ እንዳለ። «ሁለት ልጆች ሞከሩት፤ አንዱ ያሳርርብኛል፣ አንዱ ሊጥ ያወጣልኛል። እርስዎ ሲሚንቶ የጋገሩ ሰው ዳቦ ያቅትዎታል?»

ባሏ ሳቀ። ደስ ብሎታል፤ ፊቱ ላይ ይታያል። እጁን ጉልበቱ ላይ አሻሸ።

«ከልቤ አመሰግንሃለሁ። ግን እነዚያ ሰዎች ቢደውሉስ? ምድጃህን ይዤ አስለምጄህ ጥዬህ ብሄድ ነውር ነው።» ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ምን ትያለሽ አንቺ?»

ስኒ እያነሣች ነበር። ስኒውን እያየች «አንተ ታውቃለህ» አለችው።

«እንግዲያው ይቅርብኝ» አለ ባሏ። ጋጋሪው ሌላ ሰው ቀጠረ።

እሷም አንድ ነገር ልታደርግለት ሞክራለች፤ አልሞከረችም አይባልም። ረቂቁ ላይ «ቅነሳው የመጣው አንድ ትልቅ ፋብሪካ በመዘጋቱ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ጨመረች። ቢያንስ ሲታተም እውነቱ ታትሞ ያገኘዋል ብላ ነው። ዳይሬክተሩ ጠራት።

«አገሩ ውስጥ ሁለት የሲሚንቶ ፋብሪካ ብቻ ነው ያለው። አንዱ ተዘጋ ካልን የቀረው ቁጥር የሁለተኛው መሆኑን ማንም ያውቃል። ለዚሁ ብለን አይደል ሲሚንቶን ከመስታወትና ከኖራ ጋር በአንድ ረድፍ የቀላቀልነው? ራስዎ ነዎት የቀላቀሉት።»

እውነት ነው፤ ራሷ ናት።

«ታዲያ ለምን ቀነሰ እንበል?»

«ምንም አንልም። የኛ ሥራ ቁጥር መስጠት ነው፤ ምክንያት አያሳስበንም» አለና ዐረፍተ ነገሩን ሰረዘው።

ምክንያት የሚያሳስባቸው ሌሎች ሞልተዋል። ሪፖርቱ በወጣ ቀን አዳራሽ ተጠራ፣ ንግግር ተደረገ፣ ለክፍሏ የምስጋና ወረቀት ተሰጠ። እሷ ናት መድረክ ላይ ወጥታ የተቀበለችው። ጭብጨባው ሲያስተጋባ ቀና ማለት አልቻለችም፤ ሰው ዓይን አፋርነት መሰለው። ዛሬ እነግረዋለሁ ብላ ወደ ቤቷ በረረች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው። ስትገባ ባሏ ቴሌቪዥን ፊት ቆሟል፤ አልተቀመጠም። አንድ ባለሥልጣን «ፋብሪካዎቻችን ንጹሕ አሠራር በመከተላቸው» የአገሪቱ የጭስ ልቀት መቀነሱን እያበሠረ ነበር፤ ከኋላው ሲሚንቶ የተቀላቀለበት የማዕድን ውጤቶች ረድፍ ወደ ታች ሲወርድ የሚያሳይ ሥዕል ተሰቅሏል። ያንን ረድፍ ባሏ ያውቀዋል። ከጭስ ቆጣሪ ጋር ስንት ዓመት የኖረ ሰው ምኑን አያውቅ?

«ንጹሕ አሠራር» አለ ወደ እሷ ሳይዞር። «ከሰሉን ቀየርን ይበሉ፣ ይሁን። ድንጋዩስ? ድንጋዩን ምን ብለው ነው ንጹሕ የሚያደርጉት? ይህ ረድፍ እንዲህ የሚወርደው ምድጃ ሲጠፋ ነው።» ዞረ። «ጠፍቷል?»

«አዎ።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

የተዘጋጀችባቸው ቃላት ሁሉ ከዷት።

«ዳቦ ጋጋሪው እዚህ ቁጭ ብሎ ሲለምነኝ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

እንደማይጮህባት ስታውቅ የባሰ ፈራች። ሶፋው ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ጠየቅኩሽ እኮ» አለ። «ዞር ብዬ፣ ምን ትያለሽ ብዬ ጠየቅኩሽ።»

«ከመታተሙ በፊት ለማንም መናገር ክልክል ነው። ሕጉ...»

«እኔ ማንም ነኝ?»

የምስጋናውን ወረቀት አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

በማግሥቱ ራሱ ወደ ዳቦ ቤቱ ሄደ። ጋጋሪው አፈረ፤ የቀጠረውን ልጅ ያለ ጥፋቱ ማባረር አልቻለም። «ዱቄት ማውረድ ከሆነ ሥራ አለ» አለው፤ ባሏም እሺ አለ። በዚያ ዕድሜው ጆንያ ይሸከማል።

አንድ ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ገባች። እሱ ከጓሮ ጆንያ ይዞ መጣ፤ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሷል። ወጣቱ ባለ ምድጃ በሩ ላይ ቆሞ በስልክ ያወራል። ባሏ ጆንያውን አውርዶ ቀና ሲል አፍንጫውን ወደ ምድጃው አዞረ፤ ይህን ሁኔታውን ታውቀዋለች፤ ሽታ ለየ። ጥቂት ቆይቶ ለእሷም ሸተታት። ዳቦው እያረረ ነው። ባሏ ግን እጁን አራግፎ ወደ ቀጣዩ ጆንያ ሄደ።

ተከተለችው። «እያረረ እኮ ነው፤ ለምን አትነግረውም?»

ጆንያውን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«እሱ አልጠየቀኝም» አላት።