በውርጭ ቀን የተከፈተ ቦይ

ቢሻው የኮሰበር ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር፤ ሰው ግን በዘበኝነቱ ሳይሆን በሳጥኑ ያውቀዋል። ከግቢው ጥግ፣ አራት እግር ባለው ማቆሚያ ላይ፣ ጎኑ ለንፋስ የተከፋፈተ ነጭ ሳጥን ቆሟል። በውስጡ ሁለት የሙቀት መለኪያዎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፤ አንዱ ደረቅ፣ ሌላው ጫፉ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ። በ1949 ዓ.ም. ሳጥኑን ያቆሙት የመንግሥት ሰዎች ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ከግቢው የማይጠፋ ሰው ሲፈልጉ ቢሻውን አገኙ። ዳንግላ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሮ፣ የአባቱ ሞት ወደ ቀዬው የመለሰው ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ በቀን ሦስት ጊዜ ሳጥኑን እየከፈተ ይመዘግባል። አንድ ቀን አላስታጎለም፤ በሰርጉ ቀን እንኳ ሚዜዎቹን አስቁሞ አንብቧል።

"ቢሻው፣ ቀፎህ ንብ ገባለት ወይ?" ይሉታል ገበያተኞች ከአጥሩ ማዶ።

"ገብቶለታል፤ ማሩን ግን ለእናንተ አላስቀምስም" ይላል ሳይዞር።

መመዝገቡ ብቻ አልበቃውም። ሁለቱ ቁጥሮች ሲቀራረቡ አየሩ የውሃ ተን እንደጠገበ፣ ሲራራቁ እንደደረቀ ተረዳ። ሐምሌ ላይ ይቀራረባሉ፤ ፀሐይ ባትታይም ውርጭ የለም። ታኅሣሥ ላይ ይራራቃሉ፤ ቀኑ አናት ይበሳል፣ ማለዳው ሣሩን ያነጣዋል። መሬት ቀን የሞቀችውን ማታ ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ ተኑ ግን እንደ ጋቢ ሆኖ ይይዝላታል። ተኑ ሲሳሳ ጋቢው ተገፈፈ ማለት ነው።

አንድ ጊዜ መሣሪያውን ሊመረምር የመጣ ባለሙያ ይህን ሰምቶ ተገረመ። የውጭ ሊቃውንት የሚከራከሩበትንም አጫወተው። ከከሰልና ከነዳጅ ቃጠሎ የሚወጣው አየር ዓለምን ያሞቃል የሚሉ አሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ የውሃው ተን ሥራውን ጨርሶታል፣ ሌላ መደረቢያ ምን ይጨምራል ይላሉ።

"ተኑ እስከ የት ይደርሳል?" አለ ቢሻው።

"ከታችኛው የአየር ድርብ ብዙም አያልፍ። ወደ ላይ ብርድ ስለሆነ ይሳሳል።"

"የቃጠሎው አየርስ?"

"እሱ ከዚያም በላይ ይወጣል።"

"እንግዲያው ነገሩ መች አለቀ! እግሩ በጋቢ ተሸፍኖ ራሱ የተገለጠ ሰው፣ ራሱ ላይ ነጠላ ጣል ቢያደርጉለት ይሞቀዋል።"

ባለሙያው ስቆ ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

በ1954 ታኅሣሥ ላይ ግን ክርክሩ የሊቃውንት አልነበረም፤ የታላቅ እህቱ የደብሪቱ ጓዳ ጉዳይ ነበር። ደብሪቱ ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች የምታሳድግ ናት። ነሐሴ ላይ በረዶ ገብሷን ስላወደመባት እስከሚመጣው አዝመራ ያላት በመስኖ የተከለችው ድንች ብቻ ነው። ድንቹ አበባ ይዟል። አሁን ውርጭ ከመታው ከሥሩ የሚቆፈር አይገኝም።

የዚያን ቀን በዘጠኝ ሰዓት ቢሻው ሳጥኑን ሲከፍት ደረቁ አሥራ ዘጠኝ፣ እርጥቡ ስምንት ብሏል። ደግሞ አነበበው። ሰማዩ ጠርቷል፣ ቅጠል አይንቀሳቀስም። በአምስት ዓመት እንዲህ ተራርቀው ያየው ሁለት ቀን ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ በማግስቱ የአገሩ ድንች ጠቁሮ አድሯል። ሳጥኑን ዘግቶ ወደ ወንዙ ወረደ።

የወንዙ ውሃ ወደ ቦዩ በሚዞርበት ጠለፋ ላይ አያ ሽባባው ጎንበስ ብለው ቦዩን በሣርና በጭቃ ይደፍናሉ። የውሃ አባት ናቸው፤ ተራ የሚሰጡትም የሚነሱትም እሳቸው። በውርጭ ሰሞን ሰማይ ሲጠራ ቦይ ይዘጋል፤ ብርድ ብርድን ይጠራል ይባላል። ያለ ፈቃድ የከፈተ እስከ ክረምት ተራውን ያጣል።

"አያ ሽባባው፣ አይድፈኑት። ዛሬ ውርጭ ይወርዳል።"

"ለዚሁ አይደል የምደፍነው?"

"የሚያድነው ውሃው ነው። እርጥብ መሬት የፀሐይዋን ሙቀት ይዞ ያድራል፤ ተኑም ከማሳው ላይ ይቆያል።"

"በአባቴ ዘመን እንዳንተ ያለ ብልጥ አጠጥቶ ማሳው በረዶ ለብሶ ተገኘ።"

"መቼ ነው ያጠጣው?"

"ጎህ ሲቀድ፤ ውርጩን ሲያይ።"

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነዋ!"

ክርክሩ ሲግል ሁለቱም ወደ አፍ መፍቻቸው ወደ አዊኛ ዞሩ። አያ ሽባባው በወጣትነታቸው ዜማ የተማሩ ናቸው፤ ወገባቸውን ቀና አደረጉ። "ኢዮር፣ ራማ፣ ኤረር ብዬ የሰማይን ድርብ የቆጠርኩ ሰው ካንተ ሳጥን ልማር?"

"የመላእክቱን ለእርስዎ ትቻለሁ። እኔ የማወራው ደመና ስለሚያድርበት ነው።"

"ወደ ላይ ሲወጣ ይበርዳል ትላለህ አሉ። ወደ ፀሐይ እየቀረበ?"

"ከዳንግላ ወደ ኮሰበር ሲመጡ ሽቅብ አይደል? ወደ ፀሐይ ቀረቡ። ጋቢ የሚደርቡት ታዲያ የት ሲደርሱ ነው?"

ሽማግሌው ሳቃቸውን በሳል ደበቁት። "እንግዲያስ ግማሹን አጠጣ፣ ግማሹን ተው። ማለዳ እንተያያለን።"

ቢሻው ወደ እህቱ ማሳ ተመለከተ። መለካት ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ግን ግማሽ ማሳ የልጆቹ የወራት ቀለብ ነው።

"አይሆንም" አለ። "ማስረጃ ከተፈለገ ያልጠጣ ማሳ ሞልቷል፤ በእህቴ ልጆች ጉሮሮ አልለካም። ይልቅ ከጎኗ ያለውን የእርስዎንም ያጠጡት።"

"የኔን አልነካም፤ የአባቴ ሕግ ነው። የእሷ ከተቃጠለ ግን ተራዋን እነሳታለሁ። አንተም እስክትሞት ውርጭ ጠሪው ትባላለህ።"

"ይሁን።"

"ይሁን?" አለች ከኋላቸው ደብሪቱ፤ ዶማዋን ይዛ መጥታ ኖሯል። "ተራው የኔ፣ ድንቹ የኔ፤ አፍ የሌለኝ ይመስል እናንተ ትዋዋላላችሁ?" ወንድሟን አየችው። "እርግጠኛ ነህ?"

"ነኝ።"

ሌላ አልጠየቀችም። ጭቃውን በራሷ ዶማ ናደችው። ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃው በየመስመሩ ገባ።

ማለዳ ቢሻው መጀመሪያ ሳጥኑን አነበበ፤ አንድ ዲግሪ፤ መሬቱ ላይ ግን ከዚያም ይበርዳል። ሣሩ ነጭ ነበር። በቁጥሩ አልተጠራጠረም፤ ቁልቁለቱን ግን እየተጣደፈ ወረደ።

የአያ ሽባባው ማሳ እንደተቀቀለ ጎመን ተኝቷል። የደብሪቱ ድንች በጎድጓዳው ጥግ በኩል ቅጠሉ ተለብልቧል፤ የቀረው ከነአበባው ቆሟል። ደብሪቱ አንድ ቅጠል በሁለት ጣቷ ይዛ ታሻሻለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ከጎን ሽማግሌው በማሳቸው መካከል ቆመዋል። ቢሻው ከሩቅ እጅ ነስቶ ተመለሰ።

በዘጠኝ ሰዓት ሁለቱ ቁጥሮች ካለፈው ቀን የባሰ ተራርቀው አገኛቸው። እየሮጠ ሲወርድ አያ ሽባባው ጠለፋውን ቀድመው ከፍተውታል። የመስኖው ሰዎች ዶማቸውን ይዘው ከብበዋቸዋል።

"ማን ይቅደም?" አሉት አያ ሽባባው፣ ቀና ሳይሉ።

"ዝቅ ያለው ማሳ። ብርድ አየር እንደ ውሃ ነው፤ ከጎድጓዳ ይተኛል።"

ዝቅ ያለው የጎረቤታቸው የወርቅአየሁ ማሳ ነው፤ ትናንት ሌሊት ዛፍ ጋርዶት ተርፏል። በወጉ ግን ቀድሞ የሚጠጣው የውሃ አባት ነው፤ ውሃውም እንደለመደው ወደ እሳቸው ማሳ መሄድ ጀምሯል። አያ ሽባባው አንድ እቅፍ ሣር አነሱና የራሳቸውን መግቢያ ደፈኑት።

"ያኛው ከእንግዲህ ውሃ አይሻም" አሉ። "ወደ ወርቅአየሁ አዙሩት። ቶሎ በሉ እንጂ፣ ፀሐይዋ ሳለች!"