ስለ የሺ ጣቶች እስከ አሶሳ

እኔን ብሎ መንገደኛ! ጓሮ ደርሼ ስመለስ ጉልበቴ የሚንቋቋ አሮጊት፣ ምን አግብቶኝ ነው ከባምባሲ አሶሳ ሁለት ቀን በእግሬ የሄድኩት? አፌ ነው ያመጣብኝ። የልጅ ልጄ የሺ ሠርጓ ለፋሲካ ማግስት ተቆርጦ ሳለ ጣቶቿ መሃል ሽፍታ ወጣባት፤ ስትፎክት ትውላለች፣ ስትፎክት ታድራለች። የሙሽራው ወገኖች «ቁምጥና ከሆነ ሠርጉ ይቅር» ብለው ላኩብን። እኔም «አሶሳ አዋቂ ሴት አለች፣ ወስጄ አሳያታለሁ» አልኩ።

ጎህ ሲቀድ ወጣን። መንገዱ ግራ ቀኙ ቀርከሃ ነው። የሺ እጇን በነጠላዋ ሸፍና «እምዬ፣ ቁምጥና ቢሆንስ?» ትለኛለች።

«ቢሆንማ ልጁን እኔ አገባዋለሁ!»

ሳትወድ ሳቀች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የበርታ ገበሬዎች ቤት አረፍን፤ የማሽላ ገንፎ በባምያ ወጥ አቀረቡልን። ሙልጭልጭ እያለ ሲወርድ! ለኔ ቢጤ ጥርስ አልባ የተፈጠረ ምግብ ነው።

በማግስቱ አሶሳ ገባን። አዋቂዋ ሐሊማ የምትባል ሸምገል ያለች በርታ ናት፤ አማርኛዋ ሴቱን ሁሉ ወንድ ያደርጋል። ጭርት ያለበት፣ ቋቁቻ ያለበት ደጇን ሞልቶታል። የሺን ዓይኗን አስጨፍና ጣቶቿን በዶሮ ላባ ነካካቻት።

«ይሰማል?»

«ኧረ ይበላኛል!»

«አልሐምዱሊላህ! ቁምጥና ላባ አይሰማም። ይሄ እከክ ነው።»

የሺ እግሯ ላይ ወደቀች። ሐሊማ ግን አልጨረሰችም። «ከማን ጋር ይተኛል?»

«ከኔ ነዋ! ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ቁርበት ላይ፣ አቅፌያት!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«አያት፣ እጅህ አሳይ።»

ከመኸር ጀምሮ እርጅና ነው እያልኩ የማከውን እጄን ብደብቅ ጎትታ አየችው። «ወላሂ፣ አንተ ሰጠው!»

ደጅ ያለው ሁሉ ሳቀ። የሺማ ከሁሉ ባሰች።

ሐሊማ ድኝ ወቅጣ በሰሊጥ ዘይት ለወሰችልን። «ቤት ያለው ሁሉ ባንድ ቀን ይቀባል፤ ከአንገት እስከ እግር፣ ሦስት ቀን። ልብስ ቀቅል፣ ቁርበት ፀሐይ ስጥ። አንድ ሰው ከቀረ ይመለሳል።» የኛ አገር አዋቂ የታመመውን ብቻ ቀብቶ ይሸኛል። ይቺ ግን ቤቱን በሙሉ አየችው! የሰጠኋት አሞሌ ጨው አነሰብኝ።

ቤት ስንመለስ ሽማግሌዬ «እኔን አይበላኝም» ብሎ ሸሸ። አባርሬ ቀባሁት። ሦስት ቀን ከድኙ ሽታ የተነሳ እንኳን ሰው፣ ዶሮም አልቀረበን። ወር ሳይሞላ የየሺ እጅ ጠራ፤ የሙሽራው እናት መጥታ ጣቶቿን አንድ በአንድ አይታ፣ ሠርጉ በቀጠሮው ይሁን አለች። እኔም ሰው ሲያክ ሳይ መጀመሪያ የራሴን እጅ ማየት ተማርኩ።

ቢሆንም መንደሩን እየዞርኩ «የሺን ያዳንኳት እኔ ነኝ!» ማለቴን አልተውኩም። ጎረቤቴ ድንቄ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፦

«ምን ያኩራራሻል አንቺ ሴትዮ? ያዳንሻት እኮ ከራስሽ ነው!»