አክስቴ ትደገፈው የነበረው ግድግዳ

አክስቴ ጧት ጧት ጀርባዋን ለጭቃ ግድግዳችን ሰጥታ ፀሐይ ትሞቅ ነበር። «ምነው፣ ወገብሽን ነው?» ስንላት፣ «ብርድ ነው፤ ፀሐይ ታወጣዋለች» ትለናለች። የጡቷን እብጠት አፍራ ስለደበቀችን፣ እኛ ለወገቧ ወጌሻ አመጣንላት። በቅቤ ሲያሻት ጥርሷን ነክሳ፣ «እጅህ ይባረክ፣ አያ» አለችው።

መነሣት ሲያቅታት ከመንደራችን ከትክል ድንጋይ ጎንደር ሆስፒታል በቃሬዛ ወሰድናት። ሐኪሙ ጡቷንና የጀርባዋን ራጅ አይቶ፣ «የጡት ነቀርሳ ብዙ ጊዜ አጥንት ውስጥ ይገባል። አከርካሪዋን የበላው እሱ ነው፤ ከእንግዲህ መድኃኒት የለውም» አለን።

«እንግዲያው ወደ ፀሐዬ መልሱኝ» አለች። መለስናት፤ ግን ተደግፋ መቀመጥ እንኳ አልቻለችም።

ከቀበርናት ወዲህም ፀሐይ የአክስቴ ጀርባ ያለሰለሰውን ግድግዳ በየጧቱ ታሞቀዋለች። እጄን እዚያው ላይ አድርጌ ፀሐይዋ ላይ እጮኻለሁ፦ «ለማን ብለሽ?»