ጥፋት የመምረጥ ጥበብ

ግለ ሂስ የሚሉት ነገር ስሙ ሲነሳ ዛሬም ደሜ ይፈላል። በደርግ ዘመን ኮኪት አጠገብ በነበረ አንድ የመንግሥት የሰሊጥ እርሻ የመጋዘን ጸሐፊ ነበርሁ። ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሠራተኛው ሁሉ መጋዘኑ ውስጥ ይሰበሰብና፣ ተራ በተራ እየተነሳ የራሱን ጥፋት ይናገራል። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ቆርቆሮው ከላይ ይጠብሰናል፣ ላባችን በጆሯችን ሥር ይንቆረቆራል፣ እኛ ደግሞ ራሳችንን እንወቅሳለን።

ወቀሳ ካሉት ነው! የስብሰባው ሊቀ መንበር አንድ ቀን ብድግ አለና፣ «የእኔ ድክመት ለጤናዬ አለመጠንቀቄ ነው፤ ሥራ ከያዝሁ ምግብ እንኳ እረሳለሁ» አለ። ቦርጩ ቀበቶው ላይ ተዘርግፎ! አጨበጨብን። የትራክተር ሾፌሩ ተነሳና፣ «እኔ ደግሞ ይሉኝታ ያጠቃኛል፤ ጓዶች ሲያጠፉ እያየሁ ቶሎ አልገሥጽም» አለ። ለእሱም አጨበጨብን። ሁሉም ራሱን የሚያመሰግንበት ጥፋት ፈልጎ ይመጣል። ጥፋቱ ትንሽ መሆን አለበት፤ ቢቻል ሲሰሙት ደስ የሚል። ይህን ያስተማረን የለም፣ ግን ሁላችንም ተክነንበት ነበር። የሚያናድደኝ መዋሸታችን ብቻ አይደለም። ከዚያ መጋዘን ስንወጣ ስለ ራሳችን ያወራነውን ራሳችን አምነነው ነበር። እኔም ግልጽና ትሑት ሰው ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። አይ ግልጽ! አይ ትሑት!

ለአጨዳ ከጎጃም ወርዶ እዚያው የቀረ አንድ እኩያዬ ነበር። ሰሊጥ ከደረሰ ቀን አይሰጥም፤ ቶሎ ካልታጨደ ተሰንጥቆ መሬት ላይ ይረግፋል። ያ ሰው መስመር ይዞ ሲያጭድ ሌሎቹ ሊደርሱበት ይሮጡ ነበር። በዚህ የተነሳ ቋሚ የመጋዘን ዘበኛ እንዲሆን ታጨ። ቋሚ ከሆነ ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ከደጋ ያመጣቸዋል። የቀረው ነገር ቢኖር ሐሙስ ተሰብሳቢው ፊት ቆሞ ግለ ሂስ ማድረግ ነው።

ረቡዕ ዕለት ወደ እኔ መጣ።

«ወንድምዓለም፣ ነገ ምን ብየ ነው የምናገረው?»

«ጥፋትህን ነዋ።»

«ለንስሐ አባቴ እንደምነግረው?»

«አዎ፣ እንደዚያው ነው» አልሁት። «ምንም አትደብቅ። እዚህ ራሱን ያጋለጠ ይመሰገናል።»

በዚያ መጋዘን እውነተኛ ጥፋቱን የተናገረ አንድም ሰው እንደሌለ እያወቅሁ ነው ይህን ያልሁት። «ማስመሰል ነው፣ አንዲት ቀላል ነገር ፈልግና በል» ማለት እንዴት ያቅተኛል? እንዲያ ካልሁት እኔም አስመሳይ መሆኔን ያውቅብኛል። በአንድ አጫጅ ዓይን ሐቀኛ ሆኜ ልታይ ብዬ ነው ሰውየውን እሳት ውስጥ የላክሁት።

ሐሙስ ልብሱን አጥቦ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ከኋላ ያሉት አሽካኩ። ሲጠራ ተነሳ።

«ወንድሜ ከብሔራዊ ውትድርና አምልጦ መጣብኝ። ሦስት ቀን ጎጆየ ውስጥ ደብቄ፣ ከድንበሩ ማዶ ገላባት አሻገርሁት። የጠየቀኝም የለ፣ እኔም አልተናገርሁ። ጥፋቴ ይኸ ነው፤ ይቅር በሉኝ» አለና እጅ ነስቶ ተቀመጠ።

ሊቀ መንበሩ፣ «ስለ ግልጽነትህ እናመሰግናለን፣ ጓድ» አለና በሩ ላይ ለቆሙት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች በዓይኑ ምልክት ሰጠ። ስብሰባው እንዳበቃ ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ የት እንዳደረሱት የነገረኝ የለም፣ እኔም ደፍሬ አልጠየቅሁ። እዚያው ስብሰባ ላይ ግን እሱ ምልክቱን አላየም። ሸክሙን እንዳወረደ ሰው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ወደ እኔ ዞሮም ፈገግ አለ።

ተራው የእኔ ነበር። ተነሳሁ። ጥፋቴ ባዶ እግሩን ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። «ተናገር ያልሁት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ፤ አራት ቃል። ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ «የእኔ ድክመት የእጅ ጽሑፌ ነው፤ ቃለ ጉባኤው ለጓዶች በደንብ አይነበብም። አሻሽላለሁ» አልሁ።

ወዲያው ያጨበጨበ አልነበረም። ሁሉም የሊቀ መንበሩን ፊት ያያል። መጀመሪያ ያጨበጨበልኝ ያ አጫጅ ነው፤ እውነቴን የተናገርሁ መስሎት፣ ከልቡ።