ሞንጎሎቹን ሸምድጄ የሄድኩ ዕለት

ዙሪክ ውስጥ የምግብ ዝግጅት ሙያ ትምህርቴን ልጨርስ የቀረኝ አንድ የታሪክ የቃል ፈተና ነበር። ከወደቅኩ፣ አልትሽቴተን በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት የተሰጠኝ ሥራ ለሌላ ሰው ይሆናል። የደረሰኝ ርዕስ ደግሞ ሞንጎሎች ቻይናን የገዙበት ዘመን!

ሀገር ቤት እንዳደግኩበት ሸመደድኩት፤ ሦስት ገጽ ጀርመንኛ፣ ከነነጠላ ሰረዙ። ኤስ-ባን ባቡር ላይም፣ ሽንኩርት ስከትፍም አነበንባለሁ። ሞንጎሎቹ የቻይናዎቹን የመንግሥት ፈተና ለብዙ ጊዜ አስቀርተውት ነበር የሚለው ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ቅናት ይይዘኛል። ምነው እኔንም በገዙኝ!

በዕለቱ ሁለት መምህራን ፊት አንበለበልኩት። ሞንጎሎች ከላይ፣ ቀጥሎ ከምዕራብ የመጡ ባዕዳን፣ ከዚያ የሰሜን ቻይናዎች፣ የደቡቦቹ ከሁሉም በታች እያልኩ የሕዝቡን ደረጃ ስወርድ፣ መምህርቷ እጇን አነሳች።

«ጥቂት ሰዎች ያን ሁሉ ሕዝብ እንዴት ሊገዙ ቻሉ?»

ሽምደዳ ደግሞ ከመሀል ከተቋረጠ አይቀጠልም። «ከመጀመሪያው ልጀምር?» አልኳት።

«አይ፣ እርስዎ ራስዎ ምን ይላሉ?»

ጄኔቫ ሰባት ዓመት የዲፕሎማት ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ እዚያ «ምን ትያለሽ?» ያለኝ ሰው የለም። አሁን ሥራዬ አፈር በላ ብዬ ተስፋ ስቆርጥ ያ የጄኔቫው ወጥ ቤት ፊቴ ድቅን አለ።

«ጄኔቫ በሠራሁበት ቤት እኔ ከሁሉም በታች ነበርኩ» አልኩ በተሰባበረ ጀርመንኛ። «ጌቶቼ ግን ጨው የት እንዳለ አያውቁም። አንድ ቀን ታምሜ ብተኛ የጠሯቸውን እንግዶች ደረቅ ዳቦ አብልተው ሸኙ። ሞንጎሎቹም አዛዦች ነበሩ፤ እርሻውን፣ ቦዩንና መንገዱን የሚያውቀው ግን ቻይናው ነው። እሱን ይዘው ነው የገዙት።»

ሁለቱ ተያዩ።

«ለመሆኑ ጨው የት ነበር?» አለች መምህርቷ።

«ከምድጃው በላይ፣ በስተግራ።»

ሳቁ። አለፍኩ! ትራም ማቆሚያው ጋ ተቀምጬ እፎይ እያልኩ ሁለት ትራም አመለጠኝ። ደስታው ዕንባዬን አመጣው፤ አላፈርኩም።

አልትሽቴተን ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊው የወጥ ቤቱን ዕቃ ሊያሳየኝ ቀደም ቀደም አለ። እኔም ሽርጤን አስሬ፣ ከሁሉ በፊት ጨው የት እንዳለ ጠየቅኩት። ቆም ብሎ መደርደሪያውን ሁሉ ቃኘ፤ ከዚያ ሣህን የምታጥበዋን ሴትዮ ጠራት።